ከማንጎ ማን ይበልጣል? ወሎ ውስጥ ጓሮ ላላችሁ የማወዳደሪያ መላ

ወሎ ውስጥ ማንጎ የተከለ ሰው ሁሉ የሚበልጠው የእሱ ማንጎ ነው። መርሳ ሂዱ፣ ባቲ ሂዱ፣ ሐርቡ ሂዱ፣ ያው ነው። አንዱ "አፕል ካልሆነ ማንጎ አይባልም" ይላል። ሌላው ኬንት ያልቀመሰ ሰው ስለ ማንጎ ባያወራ ይሻላል ባይ ነው። አያ ደግሞ ጥግ ላይ ተደላድለው "የአባቴ ማንጎ እኮ ሽታው ብቻ ያጠግብ ነበር" ይላሉ። ቡናው ከአቦል ተነስቶ በረካ ሲደርስም ክርክሩ ገና ነው።

ሁሉም እውነታቸውን ነው። ችግሩ እያንዳንዱ የሚያወዳድረው ሌላ ነገር መሆኑ ነው። አንዱ የበላው እዛው ዛፍ ላይ የበሰለውን ነው። ሌላው የበላው ጥሬውን ተቆርጦ፣ በአይሱዙ ተጭኖ ደሴ ገብቶ የሰነበተውን ነው። ሦስተኛው የልጅነቱን ማንጎ ይዞ ይመጣል፤ እሱን ማንም አያሸንፈውም፣ ተዉት።

ጓሮ ያለው ሰው ግን መወሰን አለበት። ቦታው ጠባብ ነው፣ ዛፉ ለብዙ ዓመት ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ አወዳድሩ እላለሁ፣ አንዴ ሳህን ላይ፣ አንዴ ዛፍ ላይ። ሳህን ላይ አንደኛ የወጣው ዛፍ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የምትተክሉት በሁለቱም ያልወደቀውን ነው።

ተወዳዳሪዎቹ እነማን ናቸው

እኛ አገር በስም የሚታወቁት የተዳቀሉ፣ ማለትም በሌላ ግንድ ላይ የተቀጠሉ፣ ማንጎዎች ብዙ አይደሉም። ችግኝ ጣቢያ ሄዳችሁ ስትጠይቁ በብዛት የምትሰሙት አፕል፣ ቶሚ አትኪንስ፣ ኬንት እና ኪት የሚሉትን ነው። ከነሱ ጎን ስም የሌለው የአገር ማንጎ አለ፤ ከፍሬ የበቀለ፣ ዛፉ ትልቅ፣ ፍሬው ትንንሽ፣ ቃጫው ብዙ፣ ሽታው ኃይለኛ።

አፕል ስሙ እንደሚለው ክብ ብሎ የሚያምር ነው። የወጣው ከኬንያ የባሕር ጠረፍ አካባቢ ነው። ሲበስል ወደ ብርቱካናማ ቢጫ ይሄዳል፣ ፀሐይ ያየው ጎኑ ይቀላል። መጠኑ መካከለኛ ሆኖ ለአንድ ሰው አንድ ይበቃል። ቃጫው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የቀሩት ሦስቱ፣ ቶሚ፣ ኬንትና ኪት፣ የፍሎሪዳ ልጆች ናቸው፣ አሜሪካ ማለቴ ነው። እዛ እ.ኤ.አ. በ1902 ሄደን የሚባሉ ጡረታ የወጡ ካፒቴን ሙልጎባ ከተባለ የሕንድ ማንጎ ፍሬ ተከሉ። ካፒቴኑ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ፣ ዛፉን ያሳደጉት ባለቤታቸው ናቸው፤ በ1910 ሲያፈራ ቀይ፣ ትልቅ፣ ጣፋጭ ሆኖ ተገኘ። ሄደን የሚባለው ዝርያ እሱ ነው። ቶሚ አትኪንስ የሄደን ልጅ ነው። ስሙን ያገኘው ከባለቤቱ ከቶማስ አትኪንስ ሲሆን ሰውዬው በ1950ዎቹ ማንጎውን ፍሎሪዳ ማንጎ ፎረም ለሚባለው የማንጎ ሰዎች ማኅበር ደጋግመው አቀረቡ፤ ፎረሙ ደግሞ ጣዕሙ ተራ ነው፣ ቃጫ አለው ብሎ ደጋግሞ መለሳቸው። ከዚያስ? ይኼው የተናቀ ማንጎ በዓለም ገበያ በብዛት ከሚነገድባቸው ማንጎዎች ቁንጮ ሆነ። ልጣጩ ወፍራም ነው፣ መንገድ ይችላል፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ዛፉም በየዓመቱ ይሰጣል። ቀማሾቹ አልተሳሳቱም፣ ነጋዴውም አልተሳሳተም። ሳህንና ዛፍ የተለያየ ውድድር ነው የምለው ለዚህ ነው።

ኬንት ከብሩክስ ማንጎ ፍሬ በ1932 የተተከለ ነው። ትልቅ ነው፣ ሲበስልም አረንጓዴው ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ ጎኑ ላይ ብቻ ቀላ ይላል። ቃጫ የለውም ብትሉ ማንም አይከራከራችሁም። ኪት ደግሞ ሆምስቴድ የምትባል ከተማ ወይዘሮ ኪት በ1939 ከተከሉት ፍሬ የመጣ ነው። ከሁሉም ዘግይቶ ይደርሳል፣ አንዱ ፍሬ ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፣ በስሎም አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። በዚህ የተነሳ ገበያ ላይ ሰው ጥሬ መስሎት ያልፈዋል።

ሳህን ላይ እንዴት ይወዳደራሉ

ጎረቤት ሰብስባችሁ አቀማምሱ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ደንብ ከሌለው ያው የቡና ላይ ክርክር ነው የሚሆነው።

የመጀመሪያው ደንብ፣ ፍሬዎቹ እኩል የደረሱ ይሁኑ። ማንጎ ከተቆረጠ በኋላ ይለሰልሳል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ይሸታል፤ ሳይደርስ ከተቆረጠ ግን የፈለገ ቢለሰልስ ስኳሩ አይሞላም። ስለዚህ ሳይደርስ የተቆረጠ ኬንት፣ በደንብ በደረሰ የአገር ማንጎ ይሸነፋል። ይኼ ሽንፈት የኬንት ሳይሆን የቆራጩ ነው።

መድረሱን በቀለም አትፍረዱ። ያ ቀዩ ፀሐይ ያገኘው ጎን ነው እንጂ የመብሰል ምልክት አይደለም፤ ቶሚ ገና እንጭጭ ሆኖም ይቀላል። ትከሻውን ተመልከቱ። ጭራው የተሰካበት አካባቢ ግራና ቀኙ ሞልቶ ከጭራው ከፍ ካለ፣ ጉንጩም ከተነፋ ደርሷል። ጭራው ላይ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ማለትም ትከሻው ገና ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ይቆይ። አንዱን ሠውታችሁ ብትቆርጡትና ከፍሬው አካባቢ ያለው ሥጋ ቢጫ ካለ በጣም ጥሩ ነው። ሌላ መላ አለ፣ ባልዲ ውኃ። የደረሰ ማንጎ ይሰምጣል፣ ያልደረሰ ይንሳፈፋል። ሁሌም ልክ ነው ባልላችሁም ጥርጣሬ ያለባችሁን ለመለየት ይጠቅማል።

ስትቆርጡ ከአጭር ጭራ ጋር ቁረጡ። ጭራው ወዲያው ከተነቀለ የሚወጣው ሙጫ ልጣጩን ያቃጥለዋል፣ ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። ቤት ስትደርሱ ጭራውን አሳጥሩና በጭራው በኩል ዘቅዝቃችሁ ሙጫው እንዲንጠፈጠፍ አድርጉ። እጃችሁን ታጠቡ፣ ዓይናችሁን አትንኩ፣ አንዳንድ ሰው ሙጫው ሲነካው ይቆስላል።

ከዚያ ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ አብስሉ። ካርቶን ውስጥ ወይም ጭድ ላይ ይበቃል። ፍሪጅ ውስጥ ጥሬ ማንጎ አታስገቡ፤ ከ12 ወይም 13 ዲግሪ በታች ሲሆን ይጎዳል፣ ልጣጩ ይጠቁራል፣ ከዚያ በኋላ በደንብ አይበስልም። ደሴ ያላችሁ ሰዎች ይኼን በተለይ ልብ በሉ። እናንተ ጋ የሌሊቱ ብርድ ብቻውን ማንጎ ያዘገያል፣ ስለዚህ ምድጃ አጠገብ ባይሆንም ሞቅ ያለ ክፍል ይፈልጋል። ማፍጠን ከፈለጋችሁ ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት ዝጉት። ካርባይድ የሚባለውን ነገር ግን ወደ ቤታችሁ አታስገቡ። መርዛማ ቆሻሻ ይይዛል፣ ደግሞም የሚያቀላው ልጣጩን እንጂ ጣዕሙን አያመጣውም።

ኪትን የምታበስሉ ዓይናችሁን ሳይሆን አውራ ጣታችሁን እመኑ። ጫን ሲሉት እሺ ካለ፣ ጭራው ጋ አሽትታችሁ ካወዳችሁ በስሏል፣ አረንጓዴነቱ አያስጨንቃችሁ።

አሁን ወደ ቅምሻው። ከየዓይነቱ አንድ ፍሬ አይበቃም፣ አንድ ፍሬ ይዋሻል። ከየዛፉ ሦስት አራት ይሁን፣ ከተቻለም ከሁለት ሰው ጓሮ። የሚልጥና የሚቆራርጥ ሰው ቀማሽ አይሁን። ልጣጩንም የውስጡን ፍሬም ከእይታ ያርቅ፣ ምክንያቱም የፍሬው ቅርጽ ራሱ ዝርያውን ያሳብቃል። ከጉንጩ መሐል እኩል እኩል ቆርጦ ሳህኖቹ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ይጻፍ። የማን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ይሁን። ይኼን ሳታደርጉ ከቀመሳችሁ ሁሉም የራሱን ያመሰግናል። የጎረቤት ዓይን እያየ የአያን ማንጎ "አይጣፍጥም" የሚል ወሎዬ የት ይገኛል?

ቡናው ከቅምሻው በኋላ ይሁን፤ ከቡና በኋላ ማንጎ ጎምዛዛ ይሆናል። በመካከሉ ውኃ ብቻ። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ደግሞ ዳኛ አይሆንም፣ ይቅርታ።

ነጥብ ከመቶ አታሰጡ። ማንም ሰው 78ን ከ82 በምላሱ አይለይም። ጥያቄው አጭር ይሁን፤ ከዚህ ውስጥ አንድ ዘንቢል ይሰጥህ ብትባል የቱን ትወስዳለህ? ቀጥሎ፣ የቱን አትወስድም? ከዚያ ለምን እንደሆነ ይናገር። ጣፈጠ ብቻ ከሆነ አይበቃም። አንዱ ስኳሩ ብቻውን ይሰለቻል፣ ትንሽ ኮምጠጥ ማለቱ ነው የሚያስበላው። አንዱ ይሸታል፣ አንዱ ምንም አይሸትም። አንዱ ጥርስ መሐል ይገባል። ልጆች ካሉ እነሱንም አሰልፉ፣ ይሉኝታ ስለማያውቁ ከማንም የተሻሉ ዳኞች ናቸው። "እታለም፣ ሀ ይሻላል ለ?" ሲሏት "ለ መድኃኒት መድኃኒት ይላል" ብላ ቁጭ። በቃ፣ ተርፐንታይን (የቀለም ማቅጠኛ) የሚሸት ማንጎ ማለት ያ ነው፣ ሊቅ እንኳ ከዚህ በላይ አይገልጸውም።

አንድ ነገር በሚዛን ለኩ። ፍሬውን ከነልጣጩ መዝኑ፣ ከዚያ ልጣጩንና ውስጡን ፍሬ ብቻ መዝኑ። የቀረው የምትበሉት ነው። የአገር ማንጎ እዚህ ላይ ክፉኛ ይሸነፋል፣ የውስጡ ፍሬ ትልቅ ሥጋው ትንሽ ነው። ኬንትና ኪት እዚህ ላይ ይነግሣሉ።

ጁስን ለብቻው አወዳድሩ። ይኼን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለጁስ የአገር ማንጎ የሚያሸንፈው የለም። ሽታው ውኃ ቢጨመርበትም አይጠፋም፣ ቃጫውን ወንፊት ይይዝላችኋል። ቶሚ ጁስ ሲሆን ቀለም ብቻ ነው፣ ስኳር ይለምናል። ለኢፍጣር ጁስ የሚጠምቁ እናቶች የአገሩን ፈልገው የሚገዙት ወደው አይደለም።

የእኔ የሳህን ደረጃ ይኼ ነው፤ ኬንት፣ አፕል፣ ኪት፣ ከብዙ ርቀት ቶሚ። ኬንትና አፕል ላይ ብትከራከሩኝ እሰማለሁ። ቶሚ ላይ ግን አልሰማም።

ውጤቱን በአንድ ዓመት አትዝጉ። ፍሬው ሊደርስ ሲል ዝናብ ከበዛበት ወይም ያው ውኃ በላይ በላይ ከጠጣ ጣዕሙ ይሳሳል። ዘንድሮ የወደቀው ለከርሞ ሊነሳ ይችላል።

ዛፍ ላይ እንዴት ይወዳደራሉ

እዚህ ነው ወሎ ወሎ የሚሆነው። ከቆቦ ሜዳ ወደ ደሴ ስትወጡ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከቆላ ወደ ደጋ ትገባላችሁ። ማንጎ ደግሞ ቆላ ወዳድ ነው። 1500 ሜትር አካባቢና ከዚያ በታች ደስ ብሎት ያፈራል፣ 1800 ድረስ ይታገላል፣ ከዚያ በላይ ቅጠል ታያላችሁ እንጂ ፍሬውን አትተማመኑበት። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ላይ ማንጎ ለመትከል የምታስቡ ወገኖች አብሽር፣ ፖም ትከሉ። አፕል ማንጎ ማለቴ አይደለም፣ እውነተኛውን።

ስለዚህ የጎረቤታችሁን ዛፍ ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ይጣፍጣል?" ብላችሁ አይደለም። ስንት ሜትር ላይ ነው? ውኃ ከየት ያገኛል? ባለፉት ዓመታት ስንት ጊዜ በደንብ አፈራ? የመርሳ ሰው የሚያደንቀው ዝርያ ኮምቦልቻ ላይ ሊያኮርፍ ይችላል። ከእናንተ ጓሮ ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ላይ ያለ ዛፍ ምስክርነቱ ከየትኛውም ባለሙያ ምክር አይተናነስም።

ሁለተኛው ጥያቄ በልግ ነው። ማንጎ የሚያብበው ብርድና ድርቅ አግኝቶ ካረፈ በኋላ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ከብርዱ በኋላ የሚመጣው የበልግ ዝናብ ነው። ለማሽላውና ለጤፉ ሲሳይ የሆነው ዝናብ ለማንጎ አበባ ጠላት ነው፤ አንትራክኖዝ የሚባለውን በሽታ ያመጣል፣ አበባው ይጠቁራል፣ ይረግፋል፣ ፍሬ የያዘውም ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ቶሚ ይኼን በሽታ ከሌሎቹ በተሻለ ይቋቋማል። ኬንትና አፕል ላይ ይበረታል። ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ቀኑ ደረቅ በሆነባቸው ቦታዎች ደግሞ አበባው ላይ ነጭ ዱቄታማ ሻጋታ ይወጣል፤ አፕል በሱም በቀላሉ ይጠቃል። መላው ቅርንጫፉን አሳስቶ ንፋስና ፀሐይ ማስገባት፣ የረገፈውንና የደረቀውን ጠርጎ ማቃጠል ወይም መቅበር ነው። ዛፉ ውስጡ ጨለማ ከሆነ መድኃኒት ብትረጩም ድካም ነው።

ሦስተኛው፣ በየዓመቱ ይሰጣል ወይስ አንድ ዓመት እየዘለለ? አፕል ይዘላል የሚል ስሞታ አለበት። ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር ያፈራል፣ ለከርሞ ቅጠል ብቻ። ቶሚ ከዚህ ይሻላል። ይኼን ለማወቅ የአንድ ዓመት ፎቶ ሳይሆን የባለቤቱን ሚስት ጠይቁ፣ መቼ ገንዘብ እንደገባ እሷ ታውቃለች።

አራተኛው ጊዜ ነው። አፕልና ቶሚ ቀድመው፣ ኬንት ቀጥሎ፣ ኪት መጨረሻ ይደርሳሉ። አበባው ፍሬ እስኪሆን እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ከሦስት ወር ተኩል እስከ አምስት ወር ይወስዳል። ኪት ማርፈዱ ጥሩም መጥፎም ነው። ገበያው ላይ ማንጎ ሲጠፋ እሱ ይመጣል፣ ዋጋው ደስ ይላል። ግን ካረፈደ ክረምቱ ይይዘዋል፣ ከክረምት ጋር ደግሞ የፍራፍሬ ዝንብ ይመጣል፤ ከውጭ ደህና የሚመስለው ፍሬ ሲቆረጥ ትል ይሆናል። ቆላማ ቦታ ላይ፣ ሙቀቱ ቶሎ በሚያደርስበት፣ ኪት አያስፈራም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ግን ሁሉም ነገር ስለሚዘገይ ኪትን ባልመክር ይሻላል።

የዛፉ ቁመትም አለ። የአገር ማንጎ መስጊድ የሚያክል ሆኖ ቁጭ ይላል። ጥላው ጥሩ ነው፣ ግን ጓሮው ያልቃል፣ ለቀማው ደግሞ የልጆች ድንጋይ ውርወራ ይሆናል፣ የወደቀው ግማሹ ይፈርጣል። የተዳቀለው በየዓመቱ ከለቀማ በኋላ ትንሽ ከተገረዘ ሰው በእጁ የሚደርስበት ላይ ይቆያል።

የት ምን ልትከል?

ባቲ፣ ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ ቆቦ፣ በዚህ ሁሉ ቆላ ውስጥ ውኃ ካላችሁ ኬንት ትከሉ። ቦታ ካለ ኪት ጨምሩና ለቀማውን አራዝሙ። ለባቲ ሰኞ ገበያ ወይም ለደሴ ነጋዴ የምታስቡ ከሆነ ቶሚ ይበጃል፣ መኪና ላይ አይፈርጥም። ለቤት ከሆነ ግን ቶሚን ለምን? አንድ ዛፍ ብቻ ያለው ሰው ቶሚ ሲተክል ሳይ ያናድደኛል።

መርሳና ግራና አካባቢ ማንጎን የሚያስተምረው የለም፣ እነሱ ያስተምሩ። እዛ ያለው ጥያቄ ኬንት ወይስ አፕል ነው፣ መልሱ ደግሞ ጓሮው ምን ያህል ንፋስ ያገኛል የሚለው ነው። የታፈነ ቦታ ከሆነ ሁለቱም ይታመማሉ፤ ገላጣ ከሆነ አፕል ለልጆች፣ ኬንት ለእንግዳ።

ኮምቦልቻና ሐይቅ ዳር ያላችሁ ጠርዝ ላይ ናችሁ። ይቻላል፣ ግን ቦታ ምረጡ። ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ አጠገብ፣ ብርድ የማይተኛበት ተዳፋት ላይ ይሁን። ጎረቤት ላይ ያፈራ ያያችሁትን ብቻ ትከሉ፣ ካታሎግ አትመኑ። ሐይቅ አካባቢ አቮካዶ የበለጠ ይስቅላችኋል፣ እውነቱን ለመናገር።

ስሙን እንዴት እናጣራ

ሰው ሁሉ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ገበያ ላይ "ኬንት ነው" ብሎ የሚሸጥላችሁ ልጅ ራሱ አያውቅም። ፍሬ ገዝታችሁ በልታችሁ ውስጡን ብትተክሉስ? የፍሎሪዳዎቹ ከፍሬ ሲተከሉ እናታቸውን አይመስሉም፣ ከእያንዳንዱ ፍሬ የሚወጣው አዲስ ሰው ነው። ከመቶ አንዱ ከእናቱ ይበልጥ ይሆናል፣ ሄደንም እንደዛ ነው የተገኘው፣ እናንተ ግን መቶ ዛፍ የሚይዝ ጓሮ የላችሁም። ደግሞ ከፍሬ የተተከለ ለማፍራት ስድስት ስምንት ዓመት ያስጠብቃል፤ የተዳቀለው በሦስት በአራት ዓመት ይጀምራል።

የተዳቀለ ችግኝ ስትገዙ ግንዱ ላይ የተቀጠለበትን ጠባሳ ፈልጉ። ከአፈር አንድ ስንዝር ገደማ ከፍ ብሎ ይታያል። ጠባሳ ከሌለው ከፍሬ የበቀለ ነው፣ የፈለገውን ስም ቢሰጠው። ከወረዳ ግብርና ወይም ከምርምር ማዕከል መጠየቅ ይሻላል፤ ሀብሩ ውስጥ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፣ በፍራፍሬ ላይ ረጅም ጊዜ የሠራው ደግሞ የመልካሳው ነው። እናት ዛፉን ማየት ከቻላችሁ እዩ፣ ፍሬው ላይ ካለ ቅመሱ።

ቅጠሉን በደንብ አገላብጡ። ነጫጭ ነጠብጣብ የተለጠፈበት ችግኝ ቢሰጧችሁ በነፃም ቢሆን አትውሰዱ። ዋይት ማንጎ ስኬል የሚባል ተባይ አለ፤ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ተዛምቷል። ቅጠሉን ያደርቃል፣ ፍሬው ላይ ሮዝ ጠባሳ ይተዋል፣ ከገባ በኋላ ማስወጣት መከራ ነው። የሚጓዘው ደግሞ በችግኝ ነው።

ተከላው ላይ ብዙ አላወራም፣ ታውቁታላችሁ። ጉድጓዱ በየጎኑ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር፣ የላይኛው አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተደባልቆ፣ ጠባሳው ከአፈር በላይ ሆኖ፣ ከዛፍ ዛፍ ከ6 እስከ 8 ሜትር። የመጀመሪያው ዓመት አበባ ካወጣ ጨክናችሁ ቁረጡት።

መምረጥ ካቃታችሁ

ጓሮ ውስጥ አንድ የአገር ማንጎ አለ፣ ቦታ የለም፣ ልባችሁ ኬንትም አፕልም ላይ ነው። ዛፉን አትንቀሉት። እዛው ላይ ሁለቱንም መቀጠል ይቻላል፣ እንዲያውም ዝርያ ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ አፈሩ አንድ፣ ውኃው አንድ፣ ሥሩ አንድ ስለሆነ ማንም ሰበብ አያገኝም።

ከለቀማ በኋላ ትልልቆቹን ቅርንጫፎች ደረት ቁመት አካባቢ ቁረጡ። አንዱን ግን ተዉት፣ ዛፉን የሚመግበው እሱ ነው፣ በኋላ ይቆረጣል። የተቆረጠውንና ለፀሐይ የተጋለጠውን ግንድ ኖራ ቀቡት፣ አለዚያ ይቃጠላል። ከቁርጡ ዙሪያ ብዙ ቡቃያ ይወጣል፤ ጠንካሮቹን ጥቂት አስቀሩና ሌላውን ሸልቅቁ። የቀሩት እርሳስ ሲያክሉ መቀጠል ይቻላል።

ቅጥያውን፣ ማለትም የምትቀጥሉትን የቅርንጫፍ ጫፍ፣ ከጤነኛና ስሙ ከሚታወቅ ዛፍ ውሰዱ። ያበበ ጫፍ አይሆንም። የጠነከረ፣ ጫፉ ላይ ያለው እምቡጥ አበጥ ያለ ግን ያልፈነዳ ይሁን። ከመቁረጣችሁ ሳምንት አስር ቀን በፊት ቅጠሎቹን ብትቆርጡለት፣ ትንሽ እጀታ እጀታቸውን ትታችሁ፣ እምቡጡ ያብጥላችኋል። ተቆርጦ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅና በላስቲክ ጠቅልሉት፣ በዛው ቀን ይቀጠል።

ቡቃያውን ቁረጡ፣ መሐሉን በስለታም ምላጭ ወደ ታች ሰንጥቁ፣ ቅጥያውን ግራና ቀኝ ቅረጹና ስንጥቁ ውስጥ አስገቡ። ወፍራምና ቀጭን ከሆኑ ቢያንስ በአንድ ጎን ልጣጫቸው ይግጠም፤ የሚያያይዛቸው ከልጣጩ ሥር ያለው አረንጓዴ ነው፣ መሐሉ አይደለም። በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ከላይ ላስቲክ አልብሱት። ዝናብ በሚወርድበት ቀን አትሞክሩት። ሦስት አራት ሳምንት አትንኩት፣ ልጆችም እንዳይነኩት። ካቆጠቆጠ ላስቲኩን አንሱ፣ ማሰሪያውን ግን ግንዱን ማነቅ ሲጀምር ብቻ ፍቱ።

እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ ስሙን ጽፋችሁ እሰሩ። ከቆርቆሮ ጣሳ ቆርጣችሁ በምስማር ጫጭራችሁ በሽቦ ብታንጠለጥሉ ይበቃል፤ ወረቀት አንድ ክረምት አይዘልቅም። ሽቦውን አላልታችሁ እሰሩ፣ ቅርንጫፉ ይወፍራል። ከታች ከድሮው ግንድ የሚወጣውን ቡቃያ ደግሞ ባያችሁ ቁጥር ልቀሙት። የአገሩ ማንጎ ጉልበተኛ ነው፣ ሁለት ክረምት ችላ ካላችሁት ኬንቱንም አፕሉንም ውጦ ቦታውን ይመልሳል።